የእንጨት ድልድይ ሲሰበር፦ የቤይሊ ድልድይ ታሪክ

የእንጨት መሰንጠቂያ፣ የድንጋይ ካባ ወይም ሰፊ እርሻ ከዋናው መንገድ የሚገናኘው ብዙ ጊዜ ባለቤቶቹ በሠሩት አጭር የእንጨት ድልድይ ነበር። ግንዱ በቅርብ ይገኛል፤ ሠራተኛውም መጥረብና መግጠም ያውቃል። ችግሩ ዕድሜው ነው። ተሸካሚው ግንድ ቀድሞ የሚበሰብሰው ዳር ካለው ግንብ ላይ ያረፈው ጫፉ ነው፤ እርጥበቱ የሚጠራቀመው እዚያ ነውና። ከላይ ሲያዩት ደህና ይመስላል፤ በመዶሻ ሲመቱት ግን የታፈነ ድምፅ ያሰማል። እንዲህ ያለው ድልድይ አንድ ቀን በጭነት መኪና ሥር ሲሰበር ወይም ጎርፍ ሲወስደው፣ ምርቱ መጋዘን ውስጥ ይቀራል።

ለዚህ ችግር ፈጣን መፍትሔ የመጣው ከጦር ሜዳ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ታንኮች እየከበዱ ሲሄዱ የእንግሊዝ ጦር የነበሩት ተንቀሳቃሽ ድልድዮች አልችል አሉ። በእንግሊዝ አገር፣ በክራይስትቸርች በነበረው የጦሩ የድልድይ ሙከራ ጣቢያ ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ዶናልድ ቤይሊ አዲስ ንድፍ አቀረበ። ድልድዩ በ1941 (እ.ኤ.አ.) ተሞከረ፤ ዓመቱም ሳያልቅ ለጦሩ ደረሰ። ቤይሊ በ1946 የሰር ማዕረግ አግኝቷል።

የንድፉ ብልኃት ድልድዩ የሚገጣጠምበት የብረት ክፍል፣ ፓኔሉ ላይ ነው። እያንዳንዱ ፓኔል 3 ሜትር ያህል ርዝመትና 1.5 ሜትር ያህል ቁመት አለው፤ ክብደቱ 260 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሆነ ስድስት ሰዎች ተሸክመው ያደርሱታል። ሁሉም አንድ ዓይነት ስለሆኑ የቱ የት ይግባ የሚል ጥያቄ የለም፤ ጫፍና ጫፋቸው በብረት ፒን ይያያዛል። ጭነቱ ሲከብድ ወይም ወንዙ ሲሰፋ ፓኔሎቹን ጎን ለጎን መደረብ፣ አንዱን በሌላው ላይ መጫንም ይቻላል። የሚረገጠው ወለል ግን ያው ሳንቃ ነበር።

አተካከሉም ክሬን አይፈልግም። ድልድዩ በአንደኛው ዳር፣ በሮለሮች ላይ ይገጣጠምና ወደ ማዶ ይገፋል። ከፊቱ ወለል የሌለው ቀላል አፍንጫ ይቀጠልለታል፤ ከባዱ ክፍል ከሮለሩ ወደ ኋላ ስለሚቀር ወደ ወንዙ አይደፋም። አፍንጫው ማዶ ካለው ሮለር ላይ ሲደርስ ግፊያው ይቀጥላል፤ ኋላም አፍንጫው ተፈትቶ ድልድዩ በመቀመጫው ላይ ይወርዳል። የተሰበረው የእንጨት ድልድይ እስኪነሳ መጠበቅ እንኳ ግድ አይደለም፤ ቦታው ከፈቀደ አዲሱ በላዩ አልፎ ይዘረጋል።

ጊዜ የሚፈጀው ብረቱ ሳይሆን መቀመጫው ነው። ጎርፍ የሸረሸረው ዳርቻ ካልተጠናከረ የትኛውም ጠንካራ ድልድይ አይቆምም፤ ስለዚህ ልምድ ያላቸው መሐንዲሶች ቀድመው የሚመረምሩት አፈሩን ነው።

ከጦርነቱ በኋላ የተረፈው ብረት ወደ ሲቪል ሥራ ገባ፤ ንድፉን ያሻሻሉ ኩባንያዎችም ተነሡ። በ1954 ሄዘል የተባለው አውሎ ነፋስ የቶሮንቶን ድልድዮች ሲጠራርግ የካናዳ ጦር መሐንዲሶች ቤይሊ ድልድይ ተክለዋል። በኢትዮጵያም በክረምት ድልድይ ሲወሰድ የተቋረጠውን መንገድ ቶሎ ለመክፈት የሚተከለው ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ተገጣጣሚ የብረት ድልድይ ነው።

ለጊዜው ተብሎ የተተከለ ድልድይ ለዓመታት መቆየቱ የተለመደ ነው። ያኔ ፒኖቹ እንዳይላሉ፣ ብረቱ እንዳይዝግ መከታተል፣ ያለቀውንም ሳንቃ መለወጥ የባለቤቱ ሥራ ይሆናል።