ቀዩ አፈርና ባዶው እግር

እስቲ ጆሮ ስጡኝ፤ ስለ ዝሆኔ ላውራችሁ። ምሥራቅ ጎጃም በሉት ወላይታ፣ ቀዩ አፈር ዝናብ ጠጥቶ በሚቦካበት ደጋና ወይና ደጋ ያለ በሽታ ነው።

መጀመሪያ እግር ያሳክካል፣ ማታ ማታ ያቃጥላል። ገበሬው የእርሻ ድካም ነው ብሎ ያልፈዋል። ውሎ ሲያድር ጣቶቹ ይወፍራሉ፤ ቆዳው ይሻክራል፣ በጣቶቹ መሐል ይሰነጠቃል፤ እብጠቱም ወደ ባት ይወጣል። አንዳንዴ ይነሳበትና ትኩሳቱ፣ ብርድ ብርዱ፣ የብሽሽቱ ሕመም አልጋ ላይ ያውለዋል። በእርሻ ወቅት ከሆነማ መሬቱ ጦም አደረ።

ታዲያ አገሩ ምን ይላል? አንዱ እባብ ረግጦ ነው፣ ሌላው መተት ነው ይላል። ብዙው ግን «ዘር ነው» ብሎ ይደመድማል። «እነሱ ቤት ዝሆኔ አለ» ከተባለ የተላከው ሽማግሌ ከመንገድ ይመለሳል፤ እግሯ ደህና የሆነች ልጅ ሳትቀር ቆማ ትቀራለች።

በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ኧርነስት ፕራይስ የሚባል ብሪታንያዊ ቀዶ ሐኪም እዚሁ አገራችን ይሠራ ነበር። ዝሆኔ ሲባል ሐኪሙ ሁሉ ትንኝ የምታስተላልፈውን ትል በሚያስብበት ዘመን፣ እሱ የደጋውን ሕሙማን ንፍፊት መርምሮ ደቃቅ የማዕድን ብናኝ አገኘ። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጨው አፈር በባዶ እግር ቆዳ ሰርጎ የሊምፍ ቧንቧውን ያቆስላል፣ ይዘጋዋል። ፖዶኮኒዮሲስ ያለውም ይህንኑ ነው።

በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ በወላይታ የተደረገ ጥናት በሽታው ከተወሰኑ የዘረ መል ዓይነቶች ጋር እንደሚያያዝ አሳየ። «ዘር ነው» ባዮቹ በግማሹ ልክ ነበሩ ማለት ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ግማሹ እውነት ያደረሰው በደል ነው። አፈሩ ካላገኘው ዘር ብቻውን እግር አያሳብጥም፤ በሽታውም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ሽማግሌውን ከመንገድ የመለሰው ፍርሃት መድኃኒቱ ጫማ ነበር!

ለታመመውስ? ሳፋ ውሃ ቀርቦ ትንሽ በረኪና ጠብ ይደረግበትና እግሩ ይዘፈዘፋል። በሳሙና ጣት በጣት እየተፈለቀቀ ይታጠባል፣ በደንብ ይደርቃል፣ ቫዝሊን ይቀባል። ከዚያ ፋሻ፣ ካልሲ፣ ሽፍን ጫማ። ሲተኙ እግርን ከፍ ማድረግ ነው። ይህ እንክብካቤ በምሥራቅ ጎጃም ተፈትኖ፣ ሕመሙ የሚነሳባቸው ቀናት መቀነሳቸው በ2018 እ.ኤ.አ. ታትሟል።

ችግሩ ያበጠ እግር የገበያ ጫማ አይገባውም። በልክ መሰፋት አለበት፤ ጫማ ሰፊውም እያንዳንዱን እግር ለብቻው ይለካል፣ ግራና ቀኙ እኩል አያብጡምና።