በኩዊንስ መሬት ሥር የተቀበረው አደራ

በኒውዮርኩ ኬኔዲ አውሮፕላን ጣቢያ በኩል ወደ አሜሪካ የገባችሁ ሁሉ፣ ምናልባት ልብ ሳትሉት ያለፋችሁት ሥፍራ አለ። መኪናው በቫን ዊክ አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን ሲጓዝ በስተግራ በኩል ከብረት የተሠራ ግዙፍ የምድር ሉል ይገኛል። ቦታው ፍላሺንግ ሜዶውስ ይባላል። ሉሉ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1964 ለተከፈተው የዓለም ኤግዚቢሽን ሲሆን፣ ቀደም ሲል በ1939 እዚያው ሌላ የዓለም ኤግዚቢሽን ተደርጎ ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሌላ ካልተባለ በቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሥፍራው ለአገራችን ታሪክም ባዕድ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የአሁኑ ሕንፃው ከመሠራቱ በፊት በዚሁ መናፈሻ አዳራሽ ይሰበሰብ ስለነበር፣ ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን እንድትዋሐድ ዲሴምበር 2 ቀን 1950 ድምፅ የተሰጠው እዚያ ነው። ይህ ራሱን የቻለ ሰፊ ጉዳይ ስለሆነ ለሌላ ጊዜ ይቆየን።

የዛሬው ወሬያችን ከመሬት በታች ስላለው ነገር ነው። በዚሁ መናፈሻ ውስጥ አንድ ክብ የድንጋይ ምልክት አለ። ከሥሩ 15 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ፣ እስከ 6939 ዓ.ም. ማንም እንዳይከፍተው በአደራ የተቀበረ ዕቃ ተቀምጧል።

ዕቃውን ያሠራው ዌስቲንግሃውስ የተባለው የኤሌክትሪክ ኩባንያ ነው። ሐሳቡን ያመነጨው የኩባንያው ሠራተኛ ኤድዋርድ ፔንድሬ መጀመሪያ «የጊዜ ቦምብ» ሊለው አስቦ እንደነበር ይነገራል። በዚያን ዘመን በስፔንና በቻይና ከተሞች ላይ እውነተኛው ቦምብ ይዘንብ ስለነበር ስሙ መለወጡ ደግ ሆነ። «ታይም ካፕሱል» የሚለው፣ ዛሬ በዓለም ሁሉ የታወቀው ስም የወጣው ያኔ ነው። ቅርጹ እንደ ቶርፔዶ የሾለ፣ ርዝመቱ ከሁለት ሜትር ከሩብ በጥቂት የሚበልጥ፣ ክብደቱ 360 ኪሎ ግራም ያህል ነው። የተሠራው ከመዳብ፣ ከክሮሚየምና ከብር ቅይጥ ሲሆን፣ በውስጡ ያለው የመስተዋት ቧንቧ አየር ወጥቶለት በናይትሮጂን ተሞልቷል። ወደ ጉድጓዱ የወረደው ሴፕቴምበር 23 ቀን 1938 ልክ በቀትር ነበር። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 13 ቀን 1931 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ መስቀል አራት ቀን ሲቀረው። አምስት ሺህ ዓመት ለፈረንጆቹ ጋዜጦች ትልቅ መነጋገሪያ ሆኖ ነበር፤ በዓመተ ዓለም ስንቆጥር ያን ጊዜ 7431 ላይ ለነበርነው ለኛ ግን ቁጥሩ ያን ያህል የሚያስደነግጥ አይመስለኝም።

ምን ከተቱበት? የደወል ሰዓት፣ የቆርቆሮ መክፈቻ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ የሴት ባርኔጣ፣ ሲጋራ፣ ሚኪ ማውስ የተሳለበት የልጆች ኩባያ፣ አንድ ዶላር የሚሞላ ዝርዝር ሳንቲም፣ መጽሐፍ ቅዱስ። የስንዴ፣ የበቆሎ፣ የገብስ፣ የጥጥና የሌላም አዝርዕት ዘር አለ። ከዚህ ሌላ ከ22,000 በላይ ገጽ ጽሑፍ በማይክሮፊልም ተቀርጾ ገብቷል። ከአምስት ሺህ ዓመት በኋላ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው ላይኖር ይችላል ብለውም፣ ቋንቋውን ከሀ ጀምሮ የሚያስተምር መክፈቻ በአንድ የቋንቋ ሊቅ አስጻፉ። ይህን መክፈቻና የዕቃውን ቦታ የሚገልጸው መጽሐፍ ከ3,000 በላይ ታትሞ ለዓለም ቤተ መጻሕፍት፣ ለሙዚየሞችና ለገዳማት ተላከ። ገዳም ማሰባቸው ብልኅነት ነው። የእኛንም ጥንታውያን ብራናዎች ከዘመን ዘመን ያሻገሩልን ገዳማት አይደሉም?

ከሁሉ ይልቅ የኔን ልብ የያዙት ግን ደብዳቤዎቹ ናቸው። ለመጪው ትውልድ መልእክት እንዲጽፉ የተጠየቁት ሦስት የኖቤል ተሸላሚዎች ነበሩ። ከሦስቱ አሜሪካ የተወለደው የፊዚክስ ሊቁ ሮበርት ሚሊካን ብቻ ነው። ሁለቱ ስደተኞች ናቸው። አልበርት አይንስታይን ሂትለር ሥልጣን በያዘበት በ1933 አገሩን ትቶ የመጣ አይሁዳዊ ነው። ደራሲው ቶማስ ማን ደግሞ ናዚዎች በ1936 ዜግነቱን የገፈፉት ሰው ሲሆን፣ አሜሪካ መኖር የጀመረው በዚያው በ1938 ነበር። ገና ሻንጣውን ፈትቶ ሳይጨርስ ማለት ይቻላል።

አይንስታይን በደብዳቤው፣ ሰው ባሕሩን በሞተር ኃይል አቋርጦ፣ በአየር በርሮ፣ ያለ ሽቦ መልእክት መላክ ቢችልም፣ እያንዳንዱ እንጀራዬን አጣለሁ ብሎ በስጋት እንደሚኖር፣ በልዩ ልዩ አገር የሚኖሩ ሕዝቦችም በየጊዜው እንደሚተላለቁ ይናገራል። ማን ደግሞ መጪው ዘመን የግድ የተሻለ ይሆናል የሚለውን እምነት ስሕተት ነው ብሎ፣ እናንተም በጥቅሉ እኛኑ ትመስላላችሁ ይላቸዋል። ኩባንያው እንዲህ ያለ ነገር ጠብቆ የጠየቃቸው አይመስለኝም። ነገር ግን አገር አልባ ሆኖ የመጣ ሰው ስለ ነገ ሲጠየቅ ሌላ ምን ሊጽፍ ኖሯል?

ያን ዕለት የእኛ አገር በጣልያን እጅ ነበረች። ጃንሆይ በእንግሊዝ አገር ባዝ በምትባል ከተማ በስደት ይኖሩ ነበር፤ አርበኞቹ በጎጃም፣ በሸዋና በበጌምድር ይዋጋሉ። እንግሊዝም ሁለት ወር ሳይሞላ የጣልያንን ወረራ በይፋ ተቀበለች። ኤግዚቢሽኑ በ1939 ሲከፈት ፋሽስት ኢጣልያ እላዩ ላይ ፏፏቴ የሚወርድበት ግዙፍ አዳራሽ ሠርታ ታየች።

ጉድጓዱ ለሕዝብ መታየቱ አብቅቶ የተደፈነው በሴፕቴምበር 1940 ነው። በዚያው ዓመት አይንስታይን አሜሪካዊ ዜጋ ሆነ። ጃንሆይ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። ቶማስ ማን በ1944 የአሜሪካን ዜግነት አገኘ፤ ሆኖም ከጦርነቱ በኋላ ኮሚኒስት እየተባሉ ሰዎች የሚታደኑበት ዘመን ሲመጣ እሱም ተወነጀለና፣ በ1952 እንደገና ሻንጣውን ሸክፎ ወደ ስዊስ ሄደ። በ1955 እዚያው ሞተ። ደብዳቤው ኩዊንስ ቀርቷል።