የጨንቻን ዳገት ያስወጡ ስስ ክንፎች

ጨንቻ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ርዕሰ ከተማ የነበረችው በደጋው አናት፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ተቀምጣ ነው። በ1950ዎቹ ግን መቀመጫው ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች በላይ ወደተቆረቆረችው አርባ ምንጭ ወረደ። ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኘው መንገድ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም የከፍታ ልዩነታቸው ወደ 1,500 ሜትር ይጠጋል። የጨንቻ ታሪክ ሲነገር አስተዳደሩ፣ ሽመናውና አፕሉ ይነሳል፤ ስለ ዳገቱ ከተወራም የሚወደሰው የሞተሩ ጉልበት ነው። ለዚህ ዳገት ግን ሞተሩ ሙቀቱን የሚጥልበት መላ ከጉልበቱ እኩል ወሳኝ ነበር እላለሁ። የዚህን ሥራ ትልቁን ድርሻ የተሸከሙትም በራዲያተሩ ቱቦዎች መካከል የተደረደሩት ስስ የመዳብ፣ ኋላም የአሉሚኒየም ክንፎች ናቸው።

ነገሩን በስሌት ማየት ይቻላል። ከነጭነቱ 10 ቶን የሚመዝን መኪና 1,500 ሜትር ሽቅብ ሲወጣ የምድርን ስበት ለማሸነፍ ብቻ 147 ሚሊዮን ጁል የሚሆን ሥራ ይሠራል። የናፍጣ ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ ወደ ሥራ የሚለውጠው ሲሶ ያህሉን ነው፤ ሌላው ሲሶ በማርሚታው ይወጣል፤ የቀረው በሲሊንደሩ ግድግዳና በቴስታታው በኩል አልፎ በአብዛኛው ወደ ማቀዝቀዣው ውሃ ይገባል። ስለዚህ ለመውጣት የዋለውን ኃይል የሚያህል ሙቀት በውሃው በኩል መወገድ አለበት። መኪናው ራዲያተር ባይኖረውና ሙቀቱን የሚያስወጣው ውሃው እየፈላ በሚሄደው እንፋሎት ብቻ ቢሆንስ? 1 ኪሎ ውሃ ከ25 ዲግሪ ተነሥቶ ተንኖ እስኪያልቅ የሚወስደው 2.5 ሚሊዮን ጁል ገደማ ነውና፣ ጨንቻ እስኪደርስ ከ55 ሊትር በላይ ውሃ ይጨርሳል። ይህም ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሊሞላ ምንም አይቀረው፤ ያውም ጎማው መንገዱ ላይ የሚያባክነው ኃይል ሳይታሰብ።

በእንፋሎት መቀዝቀዝ ሞኝነት መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ሆኖም ካርል ቤንዝ እ.ኤ.አ. በ1885 የሠራት ባለ ሦስት ጎማ መኪና የምትቀዘቅዘው በዚሁ መንገድ ነበር። ውሃው ይተናል፣ ነጂው እየቆመ ይሞላል። ይህን ታሪክ የለወጠው ቪልሄልም ማይባህ እ.ኤ.አ. በ1900 ለመጀመሪያዋ መርሴዲስ፣ ለባለ 35 ፈረስ ጉልበቷ መኪና የሠራው የማር እንጀራ የሚመስል ራዲያተር ነው። በውስጡ ጎንና ጎናቸው 6 ሚሊ ሜትር የሆነ 8,070 ትንንሽ ቱቦዎች ነበሩት። አየሩ በቱቦዎቹ ውስጥ ያልፋል፤ ውሃው በመካከላቸው ባለው ጠባብ ክፍተት ይወርዳል። ልብ ሊባል የሚገባው የውሃው መጠን ነው፤ ጉልበቷ ከቀደሙት መኪኖች እጅግ የላቀው ይህች መኪና የሚያስፈልጋት ውሃ 9 ሊትር ብቻ ነበር። ማይባህ ውሃውን ቀንሶ አየር የሚነካውን የብረት ገጽ አበዛ፤ ሞተሩም ቀዘቀዘ። ለክርክሬ ከዚህ የጠነከረ ምስክር አላውቅም። እንግሊዛዊው ቤዲ ቤንትሌ ከጅቡቲ ተነሥቶ ለዳግማዊ ምኒልክ ሲድሊ መኪና አዲስ አበባ ሲያስገባ፣ በ1900 ዓ.ም መሆኑ ነው፣ ይህ ፈጠራ ገና ሰባት ዓመት ገደማ ዕድሜ ነበረው። በኋላ የማይባህ ቱቦዎች ለጠፍጣፋ የውሃ ቱቦና በመካከሉ ለተጣበቁ እጥፍጥፍ ክንፎች ቦታ ለቀቁ። ከጣሊያን ወረራ ጋር የገባው ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪናም፣ ከዚያ የተከተለው ኤንትሬም የአገራችንን ዳገት የወጡት ሙቀታቸውን በራዲያተር ለነፋስ እያስረከቡ ነው።

ክንፉ በአየሩ በኩል የሆነው በምክንያት ነው። 1 ሊትር ውሃ 1 ዲግሪ ሲሞቅ የሚይዘውን ሙቀት ለመያዝ በደጋው ከፍታ ከ4,000 ሊትር የሚበልጥ አየር ያስፈልጋል። ከዚህም ሌላ፣ ገጹ እኩል ሆኖ ሲነጻጸር፣ የሚፈስ ውሃ ከብረት ሙቀት የሚቀበልበት ፍጥነት ከሚነፍስ አየር በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ማነቆው እንግዲህ ያለው ከብረት ወደ አየር በሚሻገረው እርምጃ ላይ ነው፤ መላውም ገጹን ማስፋት ነው። የታጠበ የዶርዜ ጋቢ ተጣጥፎ ከተቀመጠ እርጥብ ሆኖ ይውላል፤ ተዘርግቶ ሲሰጣ ግን ይደርቃል፤ የተለወጠው ነፋስ የሚያገኘው ገጽ ብቻ ነው። ክንፍ ግን በዘፈቀደ አይረዝምም። ሙቀቱ ከሥሩ ወደ ጫፉ ሲጓዝ እየተቀነሰ ስለሚሄድ፣ ከልክ በላይ የረዘመ ክንፍ ጫፉ ከአየሩ ጋር እኩል ቀዝቅዞ ክብደት ብቻ ይሆናል። መዳብና አሉሚኒየም የተመረጡትም ሙቀትን እስከ ጫፍ ፈጥነው ስለሚያደርሱ ነው። ክንፎቹን እጅግ ማቀራረብም የራሱ ዋጋ አለው፤ ነፋሱ መግቢያ ያጣል፣ ጭቃና ገለባም በቀላሉ ይደፍናቸዋል።

ሾፌር የሆነ ሰው «ሞተር ሲሞቅ የሚያድነው ውሃ አይደለም እንዴ?» ብሎ ሊሞግት ይችላል። ፈልቶ የጎደለውን ውሃ መተካት በእርግጥ ሞተሩን ያተርፋል፤ ክንፉ ከተደፈነ ግን የተጨመረው ውሃም ጥቂት ቆይቶ መፍላቱ አይቀርም። ውሃው ሙቀትን ከሲሊንደር ወደ ራዲያተር የሚያመላልስ ተሸካሚ ነው፤ ያለ እሱም መኖር ይቻላል። በአርባ ምንጭ ጎዳናዎች ከሚርመሰመሱት ባጃጆች ብዙዎቹ ጠብታ የማቀዝቀዣ ውሃ የላቸውም፤ ሲሊንደራቸው ራሱ ክንፍ አውጥቷል፣ ቬንትሌተር አየር ይነፋበታል። አዲስ አበባን ለአሥርት ዓመታት ያገለገለው ቮልስዋገንም እንዲሁ ነው። ያለ ውሃ የሚሠራ ሞተር በየቀኑ እናያለን፤ ሙቀቱን ለአየር ሳያስረክብ የሚዘልቅ ግን የለም።

ሌላው ተቃውሞ ጠንከር ይላል፤ የጨንቻ ብርድ ራሱ አያቀዘቅዝም ወይ? አርባ ምንጭ 30፣ ጨንቻ 15 ዲግሪ ቢሆን፣ 90 ዲግሪ የሞቀ ራዲያተር ከአየሩ ጋር ያለው ልዩነት ከ60 ወደ 75 ያድጋል፤ አየሩ በ12 በመቶ ገደማ ቢሳሳም ብርዱ ያሸንፋል። ይህን እቀበላለሁ። ነገር ግን ዳገቱ የሚጀምረው ከታች፣ ከሙቀቱ ነው፤ መኪናው በከባድ ማርሽ እያዘገመ ከፊት የሚመጣ ነፋስ ሲያጣ፣ ሞተሩ ግን በሙሉ አቅሙ ሲያቃጥል ብርዱ ገና ሩቅ ነው። ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ደግሞ አየሩ በሳሳ ቁጥር ጉልበቱ ይቀንሳልና በዝቅተኛ ማርሽ የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል። ግፊት የሚይዘው የራዲያተሩ ክዳንም እንዲሁ ብቻውን አይበቃም። ጨንቻ ላይ ክፍት ውሃ 91 ዲግሪ አካባቢ ሲፈላ፣ የ1 ባር ግፊት የሚይዝ ክዳን መፍያውን ወደ 115 ዲግሪ ያደርሰዋል። ክዳኑ ፋታ ይሰጣል፤ ሙቀት ግን ራሱ አይጥልም።

ክንፍ ብቻውን የሚሠራውን ማየት የሚፈልግ የመብራት ትራንስፎርመርን ይመልከት። ብዙውን ጊዜ ቬንትሌተር የለውም፣ ከቦታውም አይንቀሳቀስም፤ የሞቀው ዘይት ራሱ ወደ ላይ ይወጣል፣ በጎኑ ባሉት ክንፎች እየቀዘቀዘ ይወርዳል። ዓለም አቀፉ ደረጃ ከ1,000 ሜትር በላይ በየ400 ሜትሩ የሚፈቀደውን የሙቀት ጭማሪ በ1 ዲግሪ ይቀንሳል፤ ምክንያቱም የሳሳ አየር ሙቀትን የሚወስደው በዝግታ ነው። በጨንቻ ከፍታ ይህ ቅናሽ ወደ 4 ዲግሪ ይደርሳል። መሐንዲሱም ጭነቱን ይቀንሳል፣ ወይም ተጨማሪ ክንፍ ያለው ታንክ ያዛል።