የግል ክላውድ

«የግል ክላውድ» አንድ ድርጅት ለብቻው የሚጠቀምበት ክላውድ ነው። ብዙዎች ግን አንድን ሰርቨር ወደ ብዙ ቨርቹዋል ማሽኖች ከፋፍሎ ማሠራትን፣ ማለትም ቨርቹዋላይዜሽንን፣ በዚሁ ስም ይጠሩታል። የአሜሪካው የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም (ኒስት) እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ብያኔ፣ አንድን አሠራር ክላውድ የሚያሰኙት አምስት ነገሮች ናቸው፦ ተጠቃሚው ያለ ባለሙያ እገዛ ራሱን ማስተናገዱ፣ በኔትወርክ መገኘቱ፣ አቅምን በጋራ መጠቀሙ፣ እንደ ፍላጎት ቶሎ መስፋትና መጥበቡ፣ አጠቃቀሙ መለካቱ።

ይህን ልዩነት አለማወቅ ገንዘብ ያስወጣል። አዳማ ላይ ዋና ቢሮ፣ ሞጆና ባቱ ላይ ቅርንጫፍ ያለው ነጋዴ ሁለት ሰርቨርና አንድ ባለሙያ ካለው፣ ቨርቹዋላይዜሽንና ተደጋጋሚ ሥራን በራሱ የሚያስኬድ አውቶሜሽን ይበቃዋል። አዲስ ቅርንጫፍ ሲከፈት ባለሙያው የሒሳብ ሶፍትዌሩ ፒችትሪ የተጫነበትን ማሽን አንሲብል በተባለው የአውቶሜሽን መሣሪያ ያባዛል፤ መጠባበቂያ ቅጂውም ሌሊት ሌሊት በራሱ ይወሰዳል። ለዚህ የግል ክላውድ መገንቢያ የሆነውን ኦፕንስታክ መትከል ትርፉ ድካም ነው። እንደ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ባለ ሰፊ ተቋም ግን፣ በየክፍሉ ማሽን የሚጠይቀው ብዙ ስለሚሆን፣ የግል ክላውድ ሊያዋጣ ይችላል።

ስለዚህ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ሻጩን «ሠራተኛዬ ባለሙያ ሳይጠራ ማሽን ማግኘት ይችላል?» በሉት። አይችልም ካለ፣ ለክላውድ ዋጋ አትክፈሉ።