በኪስ የሚጓዝ ቫይረስ

በ1978 ዓ.ም. በፓኪስታን ላሆር ሁለት ወንድማማቾች የሠሩት «ብሬይን» የተባለ ቫይረስ በፍሎፒ ዲስክ ዓለምን ዞረ። ያን ጊዜ ቫይረስ የሚጓዘው በሰው ኪስ ነበር።

እንደ ቢቸናና ሞጣ ባሉ ከተሞች ታሪኩ በፍላሽ ተደገመ። ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን፣ ሠራተኛ ደብዳቤውን ይዞ ፎቶኮፒ ቤት ይገባል። የቤቱ ኮምፒውተር ቫይረስ ካለበት የዕለቱ ደንበኛ ሁሉ ይዞት ይወጣል። ፎልደሩ ይሰወርና በቦታው ሾርትከት ይታያል። «ፋይሌ ጠፋ» ይባልና ፍላሹ ፎርማት ይደረጋል። ብዙ ጊዜ ግን ፋይሉ ተደብቆ እንጂ ጠፍቶ አልነበረም፤ ያጠፋው ፎርማቱ ነው።

ማይክሮሶፍት በ2003 ዓ.ም. ፍላሽ ሲሰካ በራሱ የሚነሳውን አውቶራን በዊንዶውስ ኤክስፒና ቪስታ ላይ በማሻሻያ ዘጋው። ማሻሻያው ግን ኢንተርኔት ይፈልጋል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ በሞባይል ዳታ ይታደስ የነበረ ፀረ ቫይረስም ባለበት ቆመ።

ፀረ ቫይረስ የሚፈተንበት «አይካር» የሚባል፣ 68 ፊደላትና ምልክቶች ብቻ ያሉት፣ ጉዳት የሌለው ፋይል አለ። ዘበኛው አለመተኛቱን ያሳያል፤ የዛሬውን ሌባ ማወቁን ግን አያሳይም። ሳይታደስ የከረመ ፀረ ቫይረስ ፈተናውን አልፎም አዲሱን ቫይረስ ሊያሳልፍ ይችላል።

እናም ኢንተርኔት ሲዘጋ የሚቀረው ወሬ ብቻ አይደለም፤ የሰው የዓመታት ልፋትም ያለ ጠባቂ ይቀራል። እስከዚያው የሚያዋጣው አሮጌው ዘዴ ነው፦ ሁለተኛ ቅጂ፣ ያውም ሰው ኮምፒውተር ላይ በማይሰካ ፍላሽ።