ያልገባሁበት ቀን

ፓስፖርቴ ውስጥ አንድ ገጽ ላይ ሁለት የመግቢያ ማኅተሞች ጎን ለጎን ተመትተዋል። ሁለቱም የሚመሰክሩት ስለ አንድ ጉዞ ነው። አንደኛው ሜይ 8 ቀን 2024 ገብቷል ይላል፤ በላዩ ላይ በእስክሪብቶ ሁለት መስመር ተሰምሮበታል። ሁለተኛው ጁን 8 ቀን 2024 ይላል። እውነቱ ሁለተኛው ነው። በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 1 ቀን 2016 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ቀኑን የማልረሳው ከቦሌ የተነሳሁት ግንቦት 30 ማታ ስለነበር ነው፤ ወሩ ሲለወጥ አየር ላይ ነበርኩ።

የሄድኩት አውሮፓ የምትኖረውን እህቴን ልጠይቅ ነው፣ በቱሪስት ቪዛ። ቪዛው ከጁን 1 ጀምሮ ይሠራል፤ የተፈቀደልኝ ቆይታ ደግሞ 20 ቀን ነው። ጠዋት ስንደርስ ሰልፉ ረጅም ነበር። ሰው ሲበዛ ተዘግቶ የነበረ አንድ መስኮት ተከፈተና ወደዚያ መሩን። ፖሊሱ ከመሳቢያ ማኅተም አወጣ፤ በአውራ ጣቱ ቁጥሮቹን አሽከረከረ፤ የት እንደማርፍና መቼ እንደምመለስ ጠየቀኝ፤ መታና መለሰልኝ። እኔም እንደማንኛውም ሰው ፓስፖርቱን ሳላየው ኪሴ ከትቼ ወደ ሻንጣዬ ሮጥኩ።

ስህተቱን ያገኘችው እህቴ ናት፣ በአራተኛው ቀን። እዚያ አገር ዓመታት ስለኖረች ወረቀት ሳታነብ አታልፍም።

«አንተ፣ መቼ ነው የገባኸው?» አለችኝ።

«ቅዳሜ ነዋ! አንቺ አይደለሽ እንዴ የተቀበልሽኝ?»

«ይሄ ግን ባለፈው ወር ነው የገባኸው ይላል።»

መጀመሪያ ሳቅኩ። ከዚያ ቆጠርኩ። መመለሻዬ ጁን 22 ነው። የገቡበትም የወጡበትም ቀን ስለሚቆጠር ትክክለኛው ቆይታዬ 15 ቀን ይሆናል። በማኅተሙ ከሄድን ግን 46 ቀን ነው። 20 ቀን ተፈቅዶለት 46 ቀን የቆየ ሰው ሆንኩ ማለት ነው። ከተፈቀደ ቀን በላይ መቆየት የሚቀጥለውን ቪዛ ሊያሳጣ፣ ሲብስም የመግቢያ እገዳ ሊያመጣ ይችላል። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ ጠይቆ የሚያውቅ ሰው ያን ምሽት ለምን እራት እንዳልበላሁ ይገባዋል።

ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው። የተሳሳተ መረጃ ሲገጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ይህ ነገር ሌላ የት ተመዝግቧል?» ብዬ ነው። ያን ሌሊት ላፕቶፔን ከፍቼ ይህንኑ ፈለግኩ። አንዳንድ አገሮች የየራሳቸው መዝገብ ቢኖራቸውም፣ የሸንገን አገሮች ሁሉ በጋራ የሚያዩት የመግቢያና የመውጫ መዝገብ በዚያን ጊዜ አልነበረም። የጋራ ማስረጃው ኪሴ ውስጥ ያለው ቀለም ነው። ቀለሙ ደግሞ ተሳስቷል።

ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ለማወቅ ወደ ኋላ መሄድ ነበረብኝ።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት በአብዛኛው ምዕራብ አውሮፓ ያለ ፓስፖርት መዘዋወር ይቻል ነበር። ጦርነቱ ቁጥጥር አመጣ፤ ጦርነቱ ሲያልቅ ቁጥጥሩ አላለቀም። ኦክቶበር 1920 በመንግሥታቱ ማኅበር ጥሪ ፓሪስ ላይ የተሰበሰቡት አገሮች ፓስፖርት አንድ ዓይነት መልክ ያለው ባለ 32 ገጽ ደብተር እንዲሆን ተስማሙ። ቁጥጥሩን ጨርሶ የማንሳት ሐሳብም ተነሥቶ ነበር፤ ጊዜው ገና ነው ተባለ። ይኸው መቶ ዓመት አለፈ፣ አሁንም ገና ነው። ደብተሩን የሚሰጥህ የራስህ መንግሥት ነው፣ የሚጽፉበት ሌሎች መንግሥታት ናቸው፣ ተሸክመኸው የምትዞረው አንተ ነህ።

ጁን 14 ቀን 1985 ቤልጂየም፣ ፈረንሳይ፣ ምዕራብ ጀርመን፣ ሉክሰምበርግና ኔዘርላንድስ በመካከላቸው ያለውን የድንበር ፍተሻ ቀስ በቀስ ለማንሳት ተፈራረሙ። ቦታው ሸንገን የምትባል የሉክሰምበርግ መንደር አጠገብ፣ ሞዜል ወንዝ ላይ፣ መርከብ ውስጥ ነበር። ፍተሻው በተግባር የተነሣው ማርች 26 ቀን 1995 ሲሆን ያኔ ስፔንና ፖርቱጋልም ተጨምረው ሰባት አገሮች ሆነዋል። ለተጓዡ ትልቅ ነገር ነው፤ በአንዱ አገር ገብተህ በሌላው ትወጣለህ። ለድንበር ፖሊስ ግን አዲስ ችግር መጣ፦ በሊዝበን የሚወጣውን ሰው ብራስልስ መቼ እንዳስገባችው በምን ይታወቃል? መልሱ ማኅተሙ ነበር። ማኅተሙ የተጓዡ ትዝታ ሳይሆን ከአንድ ኬላ ወደ ሌላ ኬላ በተጓዡ እጅ የሚላክ መልእክት ሆነ። ለዚህም ነው መልኩ አንድ ዓይነት የሆነው። የመግቢያው አራት ማዕዘን ነው፤ የመውጫው ማዕዘኖቹ ክብ ናቸው፤ የአገሩ ፊደል፣ ቀኑ፣ የኬላው ስምና የመጓጓዣው ምልክት አለበት።

ቢሆንም ሁሉም አገር እኩል አይመታም ነበር። ስለዚህ ዲሴምበር 2004 የአውሮፓ ኅብረት አንድ ደንብ አወጣ። ከሌላ አገር የሚመጣ ተጓዥ ፓስፖርት ሲገባም ሲወጣም የግድ ይመታል። ከዚሁ ጋር አንድ ከባድ ነገር መጣ፦ የመግቢያ ማኅተም የሌለው ሰው ከተፈቀደለት ጊዜ በላይ ቆይቷል ተብሎ ሊገመት ይችላል። ግምቱን ማፍረስ የተጓዡ ድርሻ ነው፤ በአውሮፕላን ትኬት፣ ወይም በዚያን ጊዜ ሌላ ቦታ እንደነበረ በሚያሳይ ማስረጃ። ፖሊሱ ሳይመታ ቢረሳም የሚያስረዳው ተጓዡ ነው። የእኔ ጉዳይ ደግሞ ከዚህም ወጣ ያለ ነው፤ አንቀጹ የሚያወራው ስለሌለ ማኅተም ነው፣ እኔ ያለኝ ግን የሚዋሽ ማኅተም ነው።

የቀን ቆጠራውም የራሱ ታሪክ አለው። ድሮ ሕጉ «ከመጀመሪያው መግቢያ ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ወር» ይል ነበር። «የመጀመሪያው መግቢያ» የቱ ነው የሚለው ኒኮላይ ቦት በሚባል ሩማንያዊና በአንድ የፈረንሳይ አስተዳደር መካከል ክርክር አስነሥቶ፣ የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ2006 ትርጉም ሰጠበት። ከኦክቶበር 2013 ወዲህ ደግሞ ቆጠራው «በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ 90 ቀን» ሆነ። በየቀኑ ወደ ኋላ 180 ቀን ትቆጥራለህ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ኮድ ጽፌ አውቃለሁ። አንድ የተሳሳተ ቀን ከገባበት ውጤቱን በሙሉ ያበላሸዋል።

ጁን 22 ቀን ከበረራው አምስት ሰዓት ቀድሜ አየር ማረፊያው ደረስኩ። እህቴ «ዝም ብለህ ውጣ፣ ማን ያየዋል?» ብላኝ ነበር፤ ኋላ ራሷ ሐሳቧን ለውጣ አብራኝ መጣች። የድንበር ፖሊስ ቢሮ ገብቼ ለአንዲት ኃላፊ ገጹን አሳየኋት። የመሳፈሪያ ወረቀቴን ጥዬዋለሁ። ትኬቱ ኢሜይሌ ውስጥ ነበር። ትኬት ግን መግዛትን እንጂ መሳፈርን አያሳይም። እሷም ይህንኑ ነገረችኝ።

ከዚያ ፓስፖርቱን ራሷ ማገላበጥ ጀመረች። ቪዛው ላይ ቆመች፤ የተሰጠበት ቀን ሜይ 20 ነው። በማኅተሙ መሠረት ቪዛው ሳይታተም በፊት ገብቻለሁ ማለት ነው። ገጽ ገለጠች። አንድ ጥግ ላይ፣ ቀለሙ ደብዘዝ ያለ፣ እኔ አንድም ቀን ልብ ብዬው የማላውቀው የቦሌ መውጫ ማኅተም ነበር። ጁን 7። ጣቷን አሳረፈችበትና «በቃ፣ ይሄ ነው» አለች። ስህተቱን ሰርዛ በትክክለኛው ቀን መታች፤ አጠገቡ አጭር ማስታወሻ ጽፋ ፈረመችበት። ይቅርታ አልጠየቀችም፤ እኔም ትዝ አላለኝም።

አውሮፕላኑ ውስጥ ሆኜ ሳስበው ያዳነኝ የስህተቱ ትልቅነት ነው። አንድ ወር ሙሉ ስለተሳሳተ ከቪዛው ጋር ተጋጨ። ሦስት ቀን ብቻ ቢሆን፣ ቪዛዬም ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቢሆን፣ የቦሌዋም ማኅተም ባትኖር፣ ምን ይዤ እከራከር ነበር? የፖሊሱም ጥፋት፣ እንደምገምተው፣ ትንሽ ነው። ከመሳቢያ የወጣችው ማኅተም ባለፈው ወር ላይ ቆማ ነበር፤ ቀኑን አዙሮ ወሩን ረሳ።

ኦክቶበር 12 ቀን 2025፣ በእኛ ጥቅምት 2 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ የሸንገን አገሮች ማኅተሙን በኮምፒዩተር መዝገብ መተካት ጀመሩ፤ ሽግግሩ በስድስት ወር ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንዲያልቅ ታቅዶ ነው። ተጓዡ ሲገባና ሲወጣ ፊቱ ይነሣል፣ ቀኑና ቦታው ይመዘገባል። የእኛ የቪዛ ጠያቂዎች አሻራ ቀድሞውኑ በቪዛው መዝገብ ውስጥ አለ። ጓደኞቼ ይህን ሲሰሙ «ያንተ ችግር ተፈታ» አሉኝ። በአውራ ጣት የምትሽከረከር ማኅተም ከቀረች እውነትም አንድ የስህተት ምንጭ ቀርቷል።

እኔ ግን ዳታቤዝ ውስጥ የተሳሳተ ቀን አይቼ አውቃለሁ፤ ራሴም ያስገባሁት አለ። ስለ ተጓዡ የተያዘውን መረጃ የማየትና የማስተካከል መብት በሕጉ ውስጥ አለ፤ መጠየቅ ያለበት ግን ተጓዡ ነው፣ ለመጠየቅም መጠርጠር አለበት። እኔ አልጠረጠርኩም ነበር። እህቴ ያየችው ስህተቱ ገጽ ላይ ስለነበረ ነው። ኃላፊዋም ያመነችኝ ሌላ ገጽ ላይ የቦሌው ማኅተም ስለነበረ ነው።

አሁን የመሳፈሪያ ወረቀቶቼን አልጥልም፤ መኝታ ቤቴ ውስጥ አንድ የጫማ ካርቶን ሞልተዋል። ፓስፖርቴ በሚመታበት ቦታ ሁሉ ደግሞ መስኮቱ ላይ ቆሜ ቀኑን አነባለሁ። ከኋላዬ ያለው ሰው ትንሽ ያጉረመርማል።