«ሽፍታ» በእንግሊዝኛ አፍ

በቢቸናና በሞጣ መካከል ባለችው በጉንደ ወይን «እገሌ እኮ ሸፈተ» የተባለ እንደ ሆነ፣ ሰሚው በቅድሚያ የሚጠይቀው «ምን በድለውት?» ብሎ ነው። የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ገልጦ የሚያነብ ሰው ግን ይህን ጥያቄ አያገኘውም። ቃሉ እዚያም አለ፤ «ሽፍታ» እንደ ተባለ በላቲን ፊደል ሰፍሯል። የተሰጠው ፍች ግን በምሥራቅ አፍሪካ፣ በተለይም በሶማሌ ወሰን የሚንቀሳቀስ ወንበዴ የሚል ነው። በደሉ መንገድ ላይ ቀርቷል።

እንግሊዞች ለዚህ ዓይነቱ ሰው ቃል አጥተው አልነበረም። «ባንዲት» የሚሉትን ቃል በ16ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ግድም ከጣልያንኛ ተውሰዋል። ሥሩ «ባንዲሬ» ሲሆን ማወጅ፣ በዐዋጅ ማባረር ማለት ነው። እንግዲህ ባንዲት የሚባለው መንግሥት ዐውጆ ከሕግ ጥላ ያስወጣው ሰው ነው፤ አድራጊው ዐዋጅ ነጋሪው ነው። የኛው «ሸፈተ» ግን ባለቤቱ ራሱ ሰውየው ነው። ማንም አይሸፍትለትም፤ «ዱር ቤቴ» ብሎ የሚወጣው እሱ ነው። ልብ እንኳ ይሸፍታል እንላለን፤ ልብን ደግሞ በዐዋጅ የሚያባርረው የለም።

የሸፈተ ሰው መመለሻ መንገድም ነበረው። ቋራ በረሃ የሸፈቱት ካሣ ኃይሉ ታርቀው የራስ ዓሊን ልጅ ተዋበችን አገቡ፤ ኋላም መልሰው ሸፈቱ። በሰኔ 1845 አማታቸውን ራስ ዓሊን እዚሁ ጎጃም፣ አይሻል ላይ ድል አደረጉ፤ በየካቲት 1847 ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። (ዓመቶቹ ሁሉ በኛ አቆጣጠር ናቸው።) ለእንዲህ ያለው ሰው «ወንበዴ» የሚለው ቃል ልኩ አይደለም።

ነገሩ ይበልጥ የሚከረው በበላይ ዘለቀ ታሪክ ነው። አባታቸው በመንግሥት ሰዎች ተገድለውባቸው ስለ ነበር፣ ጣልያን ከመግባቱም በፊት በቢቸና አካባቢ ሸፍተው ነበር። በ1928 ጠላት አገሩን ሲይዝ ያው ሽፍታ፣ በዚያው ዱር፣ በዚያው ጠመንጃ አርበኛ ሆነ። ጣልያኖች ግን ለአርበኛው ሁሉ የሰጡት ስም «ሽፍታ» የሚለውን ነው፤ ቃሉን ከኛው ወስደው በኛው ላይ መለሱት። በላይ ለብዙ ተከታዮቻቸው ማዕረግ ሲሰጡ፣ ለራሳቸው ግን እናታቸው ያወጡላቸው «በላይ» የሚለው ስም እንደሚበቃቸው ተናገሩ ተብሎ ይተረካል። ከነጻነት በኋላ ደጃዝማች ተብለው በቢቸና ተሾሙ፤ ግን አልተስማሙም። በ1935 ከመንግሥት ጦር ጋር ተዋግተው እጃቸውን ሰጡ። ታስረው ሳሉ ለማምለጥ ሞክረው ተያዙና በጥር 1937 አዲስ አበባ ላይ ተሰቀሉ። ሽፍታ፣ አርበኛ፣ ደጃዝማች፣ ዐመፀኛ፦ ሰውየው አንድ፣ ስሙ አራት። ስም ሰጪው በተለወጠ ቁጥር ስሙ ተለወጠ።

ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ በሰፊው የገባበትን በር ኤርትራ ላይ እናገኘዋለን። ከ1933 እስከ 1945 ኤርትራን ያስተዳደሩት እንግሊዞች በሪፖርታቸው «ሽፍታ» እያሉ ይጽፉ ነበር፤ የትግርኛ ተናጋሪውም ቃል ይኸው ነውና። እዚያ ከዘራፊው ጋር በፖለቲካ ምክንያት ጠመንጃ ያነሣውም በአንድ ስም ተጠቃለለ። ኋላ በ1943 አስተዳደሩ ራሱ ምሕረት ዐወጀ። ለተራ ሌባ እንዲህ ያለ ምሕረት አይታወጅም።

ቃሉ ወደ ደቡብ ወርዶ ኬንያ ሲደርስ ጭራሽ ጠበበ። ኬንያ በ1956 ነጻነቷን ስታገኝ፣ ከሶማሊያ ጋር መቀላቀል የፈለጉ የሰሜን ወሰን ሶማሌዎች ጠመንጃ አነሡ። የናይሮቢ መንግሥት «ሽፍታ» አላቸው፤ ጦርነቱም እስከ ዛሬ «የሽፍታ ጦርነት» ይባላል። የመዝገበ ቃላቱ ፍች ሶማሌን የሚያነሣው ከዚህ የተነሣ ነው። በስሙ ውስጥ የፖለቲካ ጥያቄያቸው ተደፍኖ ቀረ፤ መንግሥቱም የፈለገው ይህንኑ ይመስለኛል። የኛው ደርግ በበኩሉ ተቃዋሚዎቹን «ወንበዴ» ማለትን መረጠ። ሽፍታ ቢላቸው ማክበር ይሆንበት ነበር።

የኬንያው ጦርነት በ1960 መባቻ በአሩሻ ስምምነት ሲበርድ፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ አዲስ አበባ የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ ወጣ። የጎጃም ገበሬ ግብሩ ርስቱን ለመንጠቅ የታሰበ መስሎ ታየው። በሞጣና በቢቸና አውራጃዎች ገማቾቹን አላስገባም አለ፣ ጠመንጃውን አንሥቶ ወጣ፤ መንግሥት ጦር አዘመተበት፣ በአውሮፕላንም ደበደበው። በመጨረሻ ግን የጠቅላይ ግዛቱ እንደራሴ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፤ ገበሬውም ወደ እርሻው ተመለሰ።